ጎሚኒው በየት በኩል ነው

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። እኔ ግን ጉዱን የሰማሁት ሳልሆን የተሳፈርኩበት ነኝ፤ ወሩም የካቲት ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ውሃ በባልዲ ሲደፋ ከሰማሁ ክው እላለሁ። ይህንን ጻፊ ብሎ የለመነኝ የለም። ድንጋጤው አልለቅ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ጋሼ አብዲሳ ጎረቤቴ ናቸው። ከደብረ ታቦር ተመድቤ አሰላ ፊዚክስ ላስተምር የመጣሁት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ የተከራየሁት ቤት ከእሳቸው ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ተመስገን ነው። እንግዳ ነኝና ይህን አላወቅኩም፣ አንዲት ጀሪካን እንኳ አልነበረችኝም። የመጀመሪያውን ሳምንት የጠጣሁትም የታጠብኩትም ከእሳቸው ቤት ነው። ሚስታቸው ነቢላ በአጥሩ ላይ ጀሪካን ታቀብለኝ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በስምንተኛው ቀን ሳልጠይቃቸው ታንከር አምጥተው ጣራዬ ሥር ተከሉልኝ።

ሥራቸው ይኸው ነው። ጮሌ በሚባል ወረዳ ገጠር ተወልደው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አሰላ መጡ፤ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ዘንድ መፍቻ ሲያቀብሉ አድገው ሙያውን ወረሱ። ከኢተያ እስከ ጮሌ፣ ከዚያም ቁልቁል ውሃ ብርቅ እስከሆነበት እስከ ዴራ ድረስ፣ ጣራ ላይ የተሰቀለ ታንከር ካያችሁ ግማሹ የእሳቸው እጅ አለበት። አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው በዚህ ሙያ። «የአብዲሳ ታንከር አያለቅስም» ይባላል፤ አያፈስም ለማለት ነው። እሳቸውም ይህንን ሲሰሙ ያልሰሙ መስለው ጢማቸውን ይዳብሳሉ። የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

የሙያቸው ምሥጢር ጎሚኒ ነው። ታንከር ተበስቶ ቧንቧ የሚገባበት ቦታ ላይ፣ ሰፊ ክንፍ ያለው ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰደዳል። ከክንፉ ሥር ክብ ሆኖ የተቆረጠ ላስቲክ፣ ማለትም ጎሚኒው፣ ይነጠፋል፤ ከውጭ ደግሞ በዳዶ ይታሰራል። ታንከሩ ሲሞላ ውሃው ክንፉን ይጫነዋል፣ ክንፉም ጎሚኒውን ይጫነዋል። ውሃው በበዛ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል ማለት ነው። የሱቅ ጎሚኒ አይነኩም። ጎሚስታ ቤት ሄደው የጭነት መኪና ከመነዳሪ መርጠው በገዛ መቀሳቸው ይቆርጣሉ።

አንድ ሌላ ልማድ አላቸው፤ እሱ ነው ጉድ ያመጣው። ታንከር ተክለው ሲጨርሱ የመጀመሪያዋን ኩባያ ቀድተው ባለቤቱ ፊት የገዛ ልጃቸውን ያጠጣሉ። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ሥራዬም የማላፍርበት ነው ማለታቸው ነው። ድሮ ትልልቆቹን ወንዶች ነበር የሚያጠጡት። እነሱ ትዳር ይዘው ከሄዱ ወዲህ ተራው የመጨረሻ ልጃቸው የኢፍቱ ሆነ። ኢፍቱ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች፤ ቀልደኛ ናት። «የአሰላን ውሃ ሁሉ እኔ ነኝ የቀመስኩት» እያለች ታስቃለች። እናቷ ግን አይጥማትም። «ልጄ ማኅተም ናት እንዴ፣ በየሰው ቤት የምትመታት?» ትላቸዋለች። ጋሼ ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘዋት ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ጀልባው። ኢርሻድ የሚባል ሰው አለ፤ ከዝዋይ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ አሰላ የሚሸጥ ነጋዴ። ሞተር ጀልባ ነበረችው፤ ቤንዚን እየጠፋ ወር በገባ ቁጥር ዳር ላይ ተገትራ ትውላለች። አንድ ቀን ስልኩ ላይ በነፋስ የምትሄድ ጀልባ አየና ልቡ ተነሳ። «ነፋስ ሰልፍ የለውም» አለ። እንደሻው የሚባለው ብየዳ ሠራተኛ ግቢ ውስጥ ከወፍራም ላሜራ ሰባት ሜትር ጀልባ አስበየደ፤ ለሸራው የኢተያን ስንዴ የሚጭን መኪና ልባስ ገዛ። ከባሕር በሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ገብስ ማሳ ጥግ፣ ምሰሶ ያላት ጀልባ ቆመች! ከተማው ሁሉ እየመጣ ፎቶ ተነሳባት።

ኢርሻድ ዓሣው ዳር እስኪደርስ እንዳይሞት ፈለገ። ስለዚህ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ሣጥን ተሠራለት፤ የሐይቁ ውሃ ከታች በአንድ ቀዳዳ ይገባል፣ በሌላ ቀዳዳ ይወጣል። ሁለት ቀዳዳ የጀልባ ሆድ ላይ ሊበሳ ነው። ይህን ለማን ይሰጣል? ታንከራቸው ለማያፈሰው ለጋሼ አብዲሳ ነዋ።

ጋሼ ቀዳዳዎቹን በሱ፤ ብረቶቹን ከውስጥ ወደ ውጭ ሰደዱ፤ ጎሚኒውን ከውስጥ ከክንፉ ሥር አነጠፉ፤ ክሩ ላይ ቃጫ ጠመጠሙ፤ ዳዶውን ከጀልባዋ ሆድ በታች ተንበርክከው አሰሩ። አርባ ዓመት እንደሠሩት። ዓሣ እስኪጫን ድረስም የብረቶቹን አፍ በክዳን ዘጉ። ከዚያ «ያልሞላሁትን ለሰው አልሰጥም» ብለው የውሃ ቦቴ አስመጡና ጀልባዋን እስከ ጉልበት ድረስ ሞሏት።

እዚያ ነበርኩ። ቅዳሜ ነው፣ ሰው ግጥም ብሏል። ጋሼ ከጀልባዋ ሥር ደረቅ ጋዜጣ ዘርግተው ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጋዜጣው ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ ግን ጋዜጣውን እያየሁ አንድ ነገር ታየኝ። ውሃው ያለው ውስጥ ነው። ሐይቅ ላይ ውሃው የሚሆነው ውጭ ነው! ከውጭ የሚገፋ ውሃ ክንፉን አይጫነውም፤ ያነሳዋል። ጎሚኒው ያለው በተሳሳተው በኩል ነው። ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን መምህር ነኝ።

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ሰዉን እያመሰገኑ ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ውሃ ያጠጡኝ ሰው ናቸው፤ ግቢው በወንድ ተሞልቷል፤ እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ነኝ። አርባ ዓመት የሠራን ሰው መቶ ሰው ፊት ተሳስተሃል ማለት እንዴት ይሆናል? ምናልባት እኔ የማላውቀውን ያውቁ ይሆናል አልኩ። አፌን ዘጋሁና አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ነበረኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በአጥሩ ላይ «እንዴት አደርሽ ቲቸር» እየተባልኩ፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ» እያልኩ ኖርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ፈሳሽ ግፊት ሳስተምር አፌ ይተሳሰር ነበር። ሁለቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተመለስኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ጀልባ ላይ ተሳፍሮ አያውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጀልባዋ ኢሱዙ ላይ ተጭና ቁልቁል ወረደች። እኛም በሌላ መኪና ኦጎልቾን አልፈን ተከተልናት። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ተሰብስበው ይጠብቁናል፤ ፊታቸው ላይ ፌዝ አለ። አንዱማ «የአሰላ ሰው ጀልባ ሠራ? ሐይቁንም አምጥቶ ይሆን?» አለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጢማቸው ቆመ።

«ልጄ ትሳፈራለች» አሉ ጮክ ብለው። «ልጄ ተቀምጣ ማን ነው የሚፈራው?»

ኢፍቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሳቀች ገባችና የዓሣው ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ዋና አትችልም። እኔም አልችልም፤ ጋሼም አይችሉም፤ ከመሃላችን የሚችል ኢርሻድ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ አንቺም ነይ» አሉኝ ጋሼ። «የተማረ ሰው ሲቀመጥ ሰዉ ያምናል።»

አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ኢፍቱ እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ እግሬን አንስቶ ጀልባ ውስጥ ከተተኝ። በስመ አብ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ቃጫው ያዘ። ሸራው ነፋስ ጠጥቶ ሲነፋ ዳር ላይ የነበሩት ፌዘኞች ዝም አሉ፤ ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው ምሰሶው ሥር ቆሙ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዳር ርቀን ሰዉ እንደ ጉንዳን ማነስ ሲጀምር ነፋሱ በረታ። ጀልባዋ ወደ ጎን ተጋድማ ሆዷ ማዕበሉን ይደልቀው ጀመር። ላሜራው ይንቀጠቀጣል።

«አባ፣ እግሬ ረጠበ» አለች ኢፍቱ።

«ረጭቶሽ ነው።»

«ከላይ አይደለም። ከታች ነው።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው የወለሉን ጣውላ አነሱ። ከጣውላው ሥር ውሃ አለ፤ ብዙ። ከክንፉ ዙሪያ እየተንቦለቦለ ይገባል፤ ጎሚኒው በአንድ ጎኑ ተነስቶ ይርገበገባል። ጋሼ በሕይወታቸው የራሳቸው ሥራ ሲያፈስ አይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር ዓይኔ ፊት ሲሆን ሳይ፣ እንደማያውቅ ሰው ጮህኩ። ያን ጩኸቴን ሳስታውስ ዛሬም እበሳጫለሁ።

«ማጥበቅ ነው፣ ማጥበቅ ነው» አሉ ጋሼ፤ ከኪሳቸው መፍቻ አውጥተው ክንፉን ያዙና አዞሩት። ግን ዳዶው ያለው ታች ነው፤ ከጀልባዋ ሆድ ሥር፣ ሐይቁ ውስጥ! የሚይዘው ሰው የለም። ብረቱ ተሽከረከረና ጭራሽ ላላ፤ ውሃው ፊታቸው ላይ ተፈናጠረ። መፍቻው ከእጃቸው ወድቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ወዲያው ከኋላ በኩል ያለው ሁለተኛው ቀዳዳም ይንቦለቦል ጀመር።

ኢርሻድ መሪውን ይዞ «ልመልሳት?» ይላል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ አትመለስም። በነፋሱ መሄድ ብቻ ነው ያለው፤ ማዶ ያለው ደንገል የበቀለበት ዳር ደግሞ ሩቅ ነው።

ያኔ ነው ቃል ከአፌ የወጣው። «ጋሼ ይጫኑት! ከላይ ወደ ታች ይጫኑት! በእግርዎ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ወዲያው ጫማቸውን አውልቀው በተረከዛቸው ክንፉ ላይ ቆሙ። ውሃው ቀነሰ። ሌላውን እግራቸውን ዘርግተው የኋለኛው ላይ አሳረፉ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ክንድ ተኩል ይራራቃሉ፤ ሽማግሌው እግራቸውን አንፈርክከው፣ በገዛ ክብደታቸው ጎሚኒውን ወደ ላሜራው እየተጫኑ ቆሙ። ጀልባዋ በተጋደመች ቁጥር ሊወድቁ ይላሉ፤ ከወደቁ ደግሞ አለቀልን። ኢፍቱ ተንበርክካ ወገባቸውን በሁለት እጇ አቀፈች። ውሃው ጭኗ ድረስ ነው። እኔ የዓሣ ባልዲ ይዤ መቅዳትና መድፋት ጀመርኩ።

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ኢርሻድ በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ነው አለ። እኔ የማውቀው ባልዲውን ነው፤ መቅዳት፣ መድፋት፣ መቅዳት፣ መድፋት። ከክንፎቹ ጠርዝ ውሃው እየቀላ መጣ፤ ብረቱ ተረከዛቸውን እየቆረጠው ነው። አላነሱም። «ሂን ሶዳቲን፣ ኢፍቱ፣ አትፍሪ» ይሏታል። እሷ ግንባሯን ጀርባቸው ላይ አስደግፋ በሹክሹክታ ዱዓ ታደርጋለች። የሰው ልጅ ነፍስ በሁለት ተረከዝ ላይ ስትቆም ያየሁት ያን ቀን ነው። በየባልዲው ለራሴ አንድ ነገር እደግም ነበር፤ አሥራ አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ቀን።

ደንገሉ ሆዷን ሲፍቃት ሰማን። ከዚያ ጭቃ ነካች። ኢርሻድ ዘሎ ወርዶ ገመዷን ጎተተ፤ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያለ ያለቅሳል። ጋሼ እግራቸውን ሲያነሱ ውሃው እንደገና ገነፈለና ጀልባዋ ቀስ እያለች ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እኔና ኢፍቱ በብብታቸው ይዘን አወጣናቸው። ተረከዛቸው ተተልትሏል። ኢፍቱ ነጠላዬን ቀድዳ አሰረችላቸውና ንጹሕ ውሃ ከኢርሻድ ልጠይቅ ብላ ሄደች።

ሣሩ ላይ እኔና ጋሼ ብቻችንን ተቀመጥን። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አውቅ ነበር» አልኳቸው። «እንደሻው ግቢ ውስጥ፣ ቦቴው ሲሞላት። ጎሚኒው በውጭ በኩል መሆን ነበረበት። አውቄ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

እስኪሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ እስኪመቱኝም ቢሆን። እሳቸው ግን እግራቸው ላይ የታሰረውን ነጠላ አጠበቁ።

«አይቼሻለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ያንቺ ፊት ተለውጦ ነበር። እጅሽ ዘግይቶ ነው ያጨበጨበው። ምንድን ነው ያየችው አልኩ። ማታ ተኝቼ ሳስብ ገባኝ፤ ውሃው በየት በኩል ነው የሚመጣው አልኩ ለራሴ። ወላሂ ገባኝ። ግን ሰዉ አጨብጭቧል፤ ፎቶ ተነስቷል። አሁን ሄጄ ፍቱልኝ፣ ተሳስቻለሁ ልበል? አብዲሳ አፈሰ ይባል? አይ፣ ቃጫው ይይዛል አልኩ። አንቺ በሬ ላይ በመጣሽ ቁጥር አሁን ትነግረኛለች፣ እሷ ካለች አፈርሰዋለሁ እያልኩ ስጠብቅ ነበር። ስትሄጂ ደግሞ እፎይ እላለሁ።»

እኔ እሳቸውን እንዳላሳፍር፣ እሳቸው እንዳያፍሩ፤ አሥራ አንድ ቀን በአንድ አጥር ግራና ቀኝ። የመጣብኝ ቁጣ ይሁን ለቅሶ አላወቅኩትም።

«ታዲያ ልጅዎን ለምን አሳፈሩ?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እያወቁ?»

ዓይናቸው ከእኔ ትከሻ በላይ አንድ ነገር ላይ ተተከለ። ዞር ስል ኢፍቱ ቆማለች። በእጇ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። መቼ እንደመጣች አልሰማንም፤ ፊቷን ሳየው ግን ሁሉንም ሰምታለች።

አንዴ አባቷን አየች፤ አንዴ እኔን አየች። ጎንበስ ብላ የውሃውን ጠርሙስ ሣሩ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ግን አላውቅም ነበር» አለች። «እናንተን አምኜ ነው የተቀመጥኩት።»